ዜሮን ማን አስገባው?

ኮምፒዩተር ሳይነኩ ፕሮግራመር መሆን ይቻላል፤ እኔ ምስክር ነኝ። አቃቂ በሰቃ፣ ከአንድ ብየዳ ቤት በላይ በነበረ የግል ኮሌጅ የመጀመሪያውን ዓመት የተማርኩት በጠመኔ ነው። ኮምፒዩተሮች አልነበሩም ብሎ ማማት ግን ነውር ነው። ነበሩ። አቧራ እንዳይነካቸው ፕላስቲክ ለብሰው፣ እኛ እንዳንነካቸው ደግሞ ተቆልፎባቸው ይኖሩ ነበር። ቁልፉ የኮሌጁ ዲን ኪስ ውስጥ ነው።

አባቴ፣ የባቡር ጡረተኛው፣ ቤት ስገባ ይጠይቀኛል።

«እህ፣ ዛሬስ አየሽው?»

«ምኑን?»

«ኮምፒዩተሩን ነዋ!»

«በመስኮት አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው።»

«ተመስገን!» ይላል፣ የታመመ ዘመድ የተሻለው ይመስል።

የፕሮግራም መምህራችን ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ክራቫት የማይለየው ወጣት ነበር። ከታች ብረት ሲቆረጥ ድምፁ ስለሚዋጥ እየጮኸ ነው የሚያስተምረን። «መጀመሪያ እቅድ! ኮድ በኋላ!» ኮዱን የት እንደምንጽፈው እሱም ስለማያውቅ እቅዱ ላይ በረታን። አልጎሪዝም ማለት ምንም የማያስብ ሰው እንኳ ቢከተለው ከግቡ የሚያደርሰው የሥራ ቅደም ተከተል ነው አለን። እንደዚያ ከሆነ አገሩ በአልጎሪዝም ነው የሚተዳደረው ብዬ አሰብኩ።

አንድ ቀን ከቃሊቲ ታክሲ የመሳፈር አልጎሪዝም ጻፉ ተባልን። እኔም «ታክሲ ጠብቅ፤ ሲመጣ ተጋፋ፤ ካልገባህ ወደ መጀመሪያው ተመለስ» ብዬ ጻፍኩ።

«ይሄ እኮ ማለቂያ የለውም» አለኝ።

«ቲቸር፣ እርስዎ በታክሲ አይመጡም እንዴ?»

ቀጥሎ ከሦስት ቁጥሮች ትልቁን መፈለግ መጣ። እቅዱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ትልቁ ዜሮ ነው ብለህ ያዝ። ከዚያ ቁጥሮቹን ተራ በተራ እያቸው፤ ከያዝከው የሚበልጥ ስታገኝ ተካው። ማሽን ስለሌለን ኮምፒዩተሩ እኛው ሆንን፤ መስመር በመስመር ወረቀት ላይ እያስኬድን፣ መብራት ቢጠፋም ሳንጠፋ።

አንድ ሰሞን ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ተሰማ። ቁልፉም ከዲኑ ኪስ ወጣ። ፕላስቲኩ ተገፈፈ፣ ፕሪንተሩ ላይ የላስቲክ አበባ ተቀመጠ፣ መምህራችን ትልቁን ቁጥር የሚፈልገውን ፕሮግራም ራሱ ጽፎ አዘጋጀ። አሠርቶ ለማሳየት የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። በችሎታዬ መስሎኝ ኮራሁ፤ ለካ ቁልፍ ያልጎደለው ዩኒፎርም የኔ ብቻ ኖሯል።

«ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ አምስት» አለኝ ዲኑ። «ሌላ ቁጥር እንዳትነኪ!»

ተቆጣጣሪዋ ነጠላ የለበሱ፣ ድሮ ሒሳብ ያስተማሩ ትልቅ ሴት ነበሩ። ሦስቱን ቁጥሮች አስገባሁ፤ አሥራ ሁለት ወጣ። ዲኑ አሥራ ሁለት ከአምስት እንደሚበልጥ ገና ያን ዕለት የሰማ ይመስል አጨበጨበ።

«እስቲ እኔም ልሞክር፣ ልጄ» አሉና ተቀመጡ። ነጌቲቭ ሦስት፣ ነጌቲቭ ስምንት፣ ነጌቲቭ አንድ። ትልቁ ቁጥር ዜሮ ነው አለ ማሽኑ።

«ዜሮን ማን አስገባው? እኔ አላስገባሁም።»

«ኮምፒዩተሩ አዲስ ስለሆነ ነው» አለ ዲኑ፤ «ገና እየለመደ ነው።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ዓመቱን ሙሉ ኮምፒዩተር ሆኜ ስለከረምኩ ጭንቅላቴ በራሱ ማስኬድ ጀምሯል።

«እኛ ነን ያስገባነው» አልኳቸው። «ገና ምንም ሳይገባ ትልቁ ዜሮ ነው ብለነዋል። የእርስዎ ቁጥሮች ሁሉ ከሱ በታች ናቸው፤ ማን ከወንበሩ ያስነሳዋል?»

«ቀድሞ የተቀመጠ መች ይነሳል!» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው ሳቃቸውን ወደ ሳል ቀየሩት። «ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው?»

እሱን አላውቅም ነበር። መምህራችን ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ጠጋ ብሎ ስክሪኑን ትንሽ አየና «ከዜሮ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቁጥር መነሳት ነበረብን» አለ። እዚያው አንድ መስመር አስተካከለ። ሴትዮዋ ቁጥሮቹን ደገሟቸው፤ ነጌቲቭ አንድ ወጣ። ጨብጠውት ሲወጡ ዲኑን «ልጆቹ ይንኩት እንጂ፣ ጌታዬ!» አሉት።

በማግስቱ ግምገማ ተጠራ። እኔም የችግሩ አካል ተብዬ ተገኘሁ።

«በኮሌጃችን አሉታዊ አመለካከት ሾልኮ ገብቷል» ብሎ ጀመረ ዲኑ።

«አሉታዊ ቁጥር ነው» አለ መምህራችን።

«ያው ነው!»

መምህራችን ሂሱን ዋጠ። ግን ከስብሰባው ሲወጣ ቁልፉን ይዞ ነበር፤ የሴትዮዋን ቃል ዲኑም ፈርቶታል። በሚቀጥለው ሳምንት ለአንድ ወንበር ሁለት ሁለት ሆነን ገባን። ጣቶቼ ፊደሎቹን ሲፈልጉ ላብ አጥምቆኝ ነበር። ማሽኑ ደጋግሞ ስህተት ነው ሲለኝ እንኳ ደስ አለኝ፤ ቢያንስ እያናገረኝ ነው።

በሩ ላይ ዲኑ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ለጥፏል፦ «ከዜሮ በታች ቁጥር ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» መምህራችን ቆሞ አነበበው፣ ክራቫቱን አላላ፣ በሩን ዘጋና «በሉ፣ በነጌቲቭ መቶ እንጀምር» አለን።