ድሬሰር ተረፈ እና ሁለቱ እስር ቤቶች

ተረፈ በደርግ ዘመን በሻሾጎ ወረዳ ቦኖሻ ከተማ አነስተኛ የግል ክሊኒክ የነበረው ድሬሰር ነው። ፈቃዱ ቁስል እንዲያጥብና ክኒን እንዲሰጥ እንጂ መርፌ እንዲወጋ አይፈቅድለትም። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ግን የሻሾጎን ገበሬ አያውቅም፤ ገበሬው ካልተወጋ ታከምኩ አይልም፣ ክኒን ብቻ ይዞ መመለስን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። ተረፈ ልመናው ሲበዛበት ይወጋ ጀመር። ተቆጣጣሪዎች ደረሱበትና ሆሳዕና ወስደው ወር አሰሩት።

ሲፈታ መርፌውን ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ብዙም ሳይቆይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከነታጣቂው መጣ።

"ጓድ ተረፈ፣ ከሰፊው ሕዝብ መርፌ ደብቀሃል ተብለህ በአሻጥር ተከሰሃል። ወይ ትወጋለህ፣ ወይ እዚሁ ማኅበሩ እስር ቤት ትገባለህ።"

"ብወጋ ሆሳዕና ያስሩኛል፣ ባልወጋ እናንተ ታስሩኛላችሁ። ታዲያ የቱ ይሻለኛል?"

የመለሰችለት የተረፈ ሚስት ጣቢታ ናት፤ ያን ወር ሙሉ ሆሳዕና ድረስ ስንቅ ያመላለሰችው እሷ ነበረች።

"አትውጋ" አለችው። "እዚህኛው እስር ቤት ምሳህ ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል።"