የጠፈሩ አንቱታ

የእህቴ ባል ሙሉቀን ሲቀና ጆሮው ይቀላል። ይህን የማውቀው እነሱ ቤት ስለምኖር ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ፊልም ቤት አለው፤ ኳስ በሌለበት ቀን ስክሪኑ አጠገብ ማይክራፎን ይዞ ተቀምጦ የፈረንጁን ንግግር እዚያው በአማርኛ እየመለሰ ያሰማል። ሴቷንም፣ ወንዱንም፣ ሮቦቱንም ሆኖ የሚናገረው እሱ ነው። ከተማው "ሙሉቀን ፊልሙ" ይለዋል። በዚህ ስምና በእህቴ በዘርፌ ይኮራል፤ ከሁለቱ አንዱን የነካበት ሰው አበቃለት።

በጠፈር መንኮራኩር የሚዋጉት ሰዎች ፊልም አራተኛው ክፍል ሁላችንም ስንጠብቀው ከርመን መጣ። ታሪኩ ከጥንት ጀምሮ የአንዲት አብራሪና የአዛዧ ነው፤ በሦስቱም ክፍሎች አንዳቸው ለሌላው ነፍሳቸውን ሲሰጡ ነው የኖሩት። በአራተኛው ግን መጨረሻው ላይ ልጅቷ አዛዡን አንድ በረሃ ኮከብ ላይ ጥላው ትሄዳለች። ተመልካቹ አጉረመረመ። ሙሉቀንም ማይክራፎኑን አስቀምጦ፣ "ሠሪዎቹ ወሬ አልቆባቸዋል፤ የማይረባ ፊልም ነው" ብሎ ፈረደ። እኔም ያን ያህል ጠብቄ ይህን በማየቴ ተናድጄ ነበርና ተስማማሁ።

ብዙም ሳይቆይ እንየው የሚባል ሰው ከመናኸሪያው ጀርባ አዲስ ፊልም ቤት ከፈተና ያንኑ ፊልም አሳየ። እንየው ቤተ ልሔም ገዳም ዜማ ሲማር ቆይቶ ያቋረጠ ነው፤ ድምፁ ሲወጣም ሲወርድም ያምራል። ዘርፌ ከጎረቤታችን ከጌጤ ጋር ሄዳ አይታ ተመለሰች።

"አልቅሰሻል እንዴ?" አላት ሙሉቀን ዓይኗን አይቶ።

"ምን ላርግ፣ ፊልሙ አስለቀሰኝ።"

"ያ የማይረባው?"

"አንተ ስታሳየው ነዋ የማይረባው" አለች እየሳቀች። ክፉ አስባ አልነበረም። ጆሮው ግን ቀላ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም አጣ። ዘርፌ ሽንኩርት እየከተፈች ካንጎራጎረች፣ "ይሄ ደግሞ የማን ዜማ ነው?" ይላታል። ሻሿን ካሳመረች ወዴት እንደምትሄድ ይጠይቃታል። ጎልማሳ ሰው ለአንድ ማይክራፎን እንዲህ ይንጨረጨራል ብዬ አስቤ አላውቅም። በመጨረሻ ሰለቻትና፣ "በል ተነሥ፣ አብረን እንየውና አንተው ፍረድ" አለችው።

"ስሙን ሳትጠሪ መናገር አቃተሽ?" አላት። ቢሆንም ተነሣ፤ ሦስታችንም ሄድን።

ፊልሙ ያው ነው። መሃሉ ላይ አዛዡ ስለተቃጠለችው መንደር ልጅቷን ይዋሻታል። እሷ ዝም ብላ ታየዋለች፤ ከዚያ ውሃ እንዲጠጣ ትነግረዋለች፤ በቃ። ሙሉቀን በፊት "ውሃህን ጠጣ" ብሎ ነበር ያለፈው። እንየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ውሃዎን ይጠጡ" አለ።

በሦስት ክፍል ሙሉ አንተ ስትለው የኖረች ልጅ አንቱ አለችው። የእንግሊዝኛው ቃል ለሁለቱም አንድ ነው፤ እኛ ግን ገባን። ልጅቷ ከእሱ የተለየችው እዚያው ነበር፤ መጨረሻው ላይ የሄደው እግሯ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አንቱ ባለችው ቁጥር ስንቀው የነበረው ፊልም ልቤን ይወስደው ጀመር። ዞር ብዬ ሙሉቀንን ሳየው በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። ዘርፌም አየችውና እጁን ያዘችው።

ስንወጣ ሰዉ ሙሉቀንን ከበበው። እንየውም በሩ ላይ ቆሟል።

"እህ ሙሌ፣ እንዴት አገኘኸው?" አለው ከሰዉ መሃል አንዱ።

አንዲት ጥሩ ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት። ጆሮው ቀላ።

"ያው የማይረባ ነው" አለ። "ትርጉሙም ስሕተት ነው። እንግሊዝኛው አንቱ አይልም።"

"አንተ፣ እውነቱን ንገራቸው እንጂ" አለችው ዘርፌ ቀስ ብላ። "አሁን ስታለቅስ አልነበር?"

"ማን፣ እኔ? እንባው ያንቺ ነው። አንቺም ብትሆኚ የምትመጪው ለፊልሙ መች ሆነና፤ ለሰውየው ድምፅ ነው።"

ሰዉ ሳቀ። እንየው አንገቱን ደፋ። ዘርፌ እጇን ከእጁ አወጣች።

ነፋሱ እየገፋን ወደ ቤት ስንወርድ የሚያወራው እሱ ብቻ ነበር። ድምፅ ማለት ምን እንደሆነ፣ ትርጉም ማለት ምን እንደሆነ ያስረዳናል። ዘርፌ እቤት ገብታ ሽሮውን አሞቀች፤ እጁን አስታጠበችው፤ አንዲት ነገር አላጎደለችም። ከዚያ መሶቡን ወደ እሱ ጠጋ አድርጋ፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ ተናገረች።

"እራትዎን ይብሉ።"

ጆሮው ሲነጣ ያን ዕለት አየሁ። የታጠበው እጁ መሶቡ አፍ ላይ ቀረ።

"ዘርፌ" አላት። "እባክሽ፣ አንተ በይኝ።"

"ይብሉ" አለችው፤ "ይቀዘቅዛል።"