በአፍ የሚገባው መድኃኒት

ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ ብል የሚያምነኝ የለም። አንድ ሁለቴ ሞክሬዋለሁ፤ ሰዎቹ "ተይ እንጂ፣ እግዜር ሲጠራ ምን ይደረጋል" ብለው ወደ ሌላ ወሬ ዞሩ። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ደብረ ማርቆስ ነበርን፣ በጃንሆይ ጊዜ። እሱ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፣ እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። በሰማኒያ ከተጋባን ሁለት ዓመት እንደሆነን ጆሮ ደግፍ ያዘው። የልጅ በሽታ ነው ብለን ሳቅንበት። ጉንጩ አብጦ፣ በነጠላዬ ተጠምጥሞ ሲቀመጥ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀው እየመጣ ቀለደበት። እብጠቱ ወርዶ ወንድነቱ ላይ ሲያርፍ ግን ቀልዱ ቀረ። ያንን ያወቅነው እኔና እሱ ብቻ ነን።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ጢሙ ሳሳ። ከሥራ መጥቶ ጋቢውን ይከናነብና ግድግዳ ሲያይ ያመሻል። ስጠጋው "ደክሞኛል" ይለኛል። እኔ ደግሞ ሌላ ሴት ይዞ ነው ብዬ ነገር ፈለግሁት፤ ልብሱን ሳይቀር አሽትቻለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ብቻውን ተቀምጦ ሲያለቅስ ደረስኩበት። ወንድ ሲያለቅስ ያየሁት ልቅሶ ቤት ብቻ ስለነበር ደነገጥኩ።

"ማን ሞተ?" አልኩት።

"እኔ ነኛ" አለኝ።

ሆስፒታል የሄድነው በማግስቱ ነው። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ የሚያስተረጉምለት ድሬሰር ደግሞ የሰፈራችን ሰው። ባሌ ከበሽታው ይልቅ ያንን ድሬሰር ፈራ። ሰውዬው ግን ምስጢር አዋቂ ነበርና አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም። በሽታው የወንድ ሰውነት የሚያመነጨውን ነገር አድርቆበታል ተባለ፤ ያንን የሚተካ፣ እንደ ዘይት የወፈረ መርፌ በየሦስት ሳምንቱ እንዲወጋ ታዘዘለት። ለጠየቀን ሰው ሁሉ "የወገብ መርፌ ነው" እንላለን።

መርፌው ጉልበቱን መለሰለት፤ ሐዘኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ከጥምቀት በኋላ ሐኪሙ ለሐዘኑ ኪኒን ጨመረለት፤ ጧት፣ ቀትርና ማታ አንዳንድ ፍሬ። ያን ዕለት እኔንም አስጠራኝ። ድሬሰሩ ዓይኔን ሳያይ ተረጎመልኝ፦

"እህቴ፣ መርፌው ሰውነቱን ቶሎ ያነቃዋል ነው የሚሉት። ልቡ ግን ዘግይቶ ነው የሚድነው። ጉልበት አግኝቶ ሐዘኑ ካልለቀቀው ለራሱም ክፉ ነው። ሁለቱ አብረው ይሂዱ። አንዱን እንዳያስቀር አንቺ ጠብቂው ብለዋል።"

"እጠብቀዋለሁ" አልኩ። አስተማሪ ነኛ! ለሰው ልጆች የጤና አጠባበቅ የማስተምር፣ ጠዋት ጠዋት ጥፍር የምመረምር።

ወር ሳይሞላ ባሌ ተመለሰልኝ። ኪኒኑ አፉን ስለሚያደርቀው የውኃ ጣሳ ከአጠገቡ አትለይም፤ ግን ይስቃል። የዳኛውን አካሄድ እያስመሰለ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አንድ እሁድ ምሳ እየበላን ሳለ "ባንወልድስ? የወንድምሽን ልጅ አምጥተን እናሳድጋለን" አለኝ፣ በራሱ አንደበት። ከፊቱ ያለውን እንጀራ ጠቅልዬ አጎረስኩት። ይሄ ሰው ከእኔ ጋር ሊኖር ነው አልኩ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

እኛ ዘንድ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፍ አይገባም። ኪኒን ደግሞ በውኃ ነው የሚዋጠው፤ አፍ ያደርቅና ሌላ ውኃ ያስፈልጋል። ባሌ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ ጾም ገድፎ አያውቅም። ፍርድ ቤት ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ውኃ ሲጎነጭ ቢታይ ምን ሊል ነው? አሞኛል ቢል፣ ምንህን ይሉታል።

"የንስሐ አባታችንን እንጠይቅ" አለኝ።

"ምን ብለህ? ወንድነቴን አሞኛል ልትላቸው ነው? ነገ ደብሩ ሁሉ ይስማው?"

የንስሐ አባት ምስጢር እንደማያወጣ እያወቅሁ ነው እንዲህ ያልኩት። ያፈርኩት እኔ ነበርኩ። እሱማ ሊጠይቅ ነበር።

ከዚያ ፍርዱን ራሴ ሰጠሁ። ኪኒኑ በአፍ ይገባልና ጾም ያስገድፋል፤ መርፌው በአፍ አይገባምና አያስገድፍም። ስለዚህ መርፌውን ይቀጥል፣ ኪኒኑን ለፋሲካ እናቆየው። ማን ቀሲስ አድርጎ እንደሾመኝ እንጃ። "የማታዋን እንኳ ልዋጥ" አለና ጥቂት ቀን ዋጠ። ቀኑን ሙሉ ተጠምቶ ውሎ እሷን ሲውጥ አፉ ኩበት ሲሆንበት እሷንም ተዋት። ሳይ ዝም አልኩ። መርፌውን ሊወጋ ሲሄድ ድሬሰሩ "ኪኒኑስ?" ብሎ ይጠይቀዋል፤ "እየዋጥኩ ነው" ይለዋል።

እስከ እኩለ ጾም ደህና ይመስል ነበር። እንዲያውም ጉልበቱ በዛ። ጓሮውን ቆፈረ፣ አጥሩን አደሰ፣ ማንም ሳይጠይቀው የጎረቤት እንጨት ፈለጠ። አንድ ማለዳ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ከዓመት ከምናምን በኋላ መሆኑ ነው። ገብቶኛል፤ ደስም ብሎኛል። እና ምን አልኩት?

"ጾም ነው እኮ።"

እጁን አነሳ። "እውነትሽን ነው" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መደቡ ላይ ተኛ። ያንን እጅ እስከ ዛሬ እፈልገዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ዝም አለ። የድሮው የደከመ ሰው ዝምታ ነበር፤ ይሄኛው ነገር የሚያሰላስል ሰው ዝምታ ነው። በፋሲካ ማግስት ኪኒኑን አውጥቼ ከነውኃው ሰጠሁት፤ "ምን ያደርግልኛል" ብሎ እጄን ገፋው። ሳምንቱ ሳያልቅ ሊፈታኝ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ።

"ገና ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። እኔ ዘንድ ሆና ያለ ልጅ አታርጅ" አላቸው። "ቤቱም ላሟም ለሷ ይሁን።"

"ምን አጠፋች?" ቢሉት "ምንም። የማልረባው እኔ ነኝ" አለ።

"ልጅ አልፈልግም! ማን ልጅ አለህ!" ብዬ ጮኽኩ። ሽማግሌዎቹ የተቆጣች ሴት ንግግር መስሏቸው መሬት መሬት አዩ። ያኔ አንድ ቃል ብናገር፣ ታሟል፣ መድኃኒቱን ያስቀረሁበት እኔ ነኝ ብል፣ ያስቆሙት ነበር። አላልኩም። በሰው ፊት ላዋርደው አልፈለግሁም ብዬ ራሴን አታለልኩና ፈረምኩ። ግድግዳ ሲያይ በሚያመሽበት ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ለመጨረስ አቅሙም አልነበረውም። አሁን መርፌው አቅም ሰጥቶታል።

ቁይ ወደምትባል ትንሽ ከተማ፣ ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ሄደ። እዚያ መርፌም ኪኒንም የለም። ሁለት ደብዳቤ ላክሁ፤ መልስ አልመጣም። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ክረምቱ ሲያባራ እሄዳለሁ እያልኩ ተቀመጥኩ።

ወንድሙ የመጣው ከፍልሰታ ጾም በኋላ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። መርዶ መሆኑን ፊቱን ሳይ አወቅሁት። ካለቀስን በኋላ ቁጭ ብሎ ነገረኝ።

"ሱባኤ ገባሁ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጎጆ ያዘ። መጀመሪያ ጥሬ ይቆረጥም ነበር፣ ኋላ እሱንም ተወው። ውኃም እንቢ አለ። ሰው ሁሉ ተደነቀ እኮ፣ እቴ! እንዲህ ያለ ጾመኛ አይተን አናውቅም አሉ። ሴቶቹ ጸልይልን እያሉ ደጁ ይሰለፉ ነበር። እኔም ኮራሁበትና ተውኩት። የፍስኩ ዕለት ልንጠራው ብንሄድ፣ አልቋል።" ከዚያ "ታሞ ነበር እንዴ?" አለኝ።

"የለም" አልኩት። "ጾመኛ ነበር።"

ይህንንም አልኩ።

በአርባው ዕለት ሰው ከተበተነ በኋላ የንስሐ አባታችንን ለብቻቸው ይዤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጆሮ ደግፉን፣ መርፌውን፣ ኪኒኑን፣ የፈረድኩትን ፍርድ። ሽማግሌ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስክጨርስ አዳመጡኝ።

"ቢገድፍ ኖሮ ምን ይሉን ነበር፣ አባ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ለታመመ ሰው ጾም የለበትም" አሉኝ። "እኔስ ብሆን ያን ሁዳዴ ቅዳሴውን ለሌላ ለቅቄ፣ ጧት ጧት የጨጓራ ኪኒኔን ስውጥ አይደል የከረምኩት?"