ሐርላ ያገገምኩበት ሰሞን

ልጅ እያለሁ ወባ ይዞኝ ሰንብቶ ሲለቀኝ መቆም አቅቶኝ ነበር። ያኔ አዴ ሞሚና የምትባል የሐርላ መንደር ሴት ወተት ለመሸጥ ወደ ከተማችን ገበያ፣ ወደ ቀፊራ ስትወርድ ለእኛም ታደርስልን ነበር። አንድ ጠዋት በራችን ላይ ቁጭ ብላ አየችኝና እናቴን፣ «አቦ ይቺን ልጅ ስጪኝ፤ እዚህ ሙቀቱ አያድናትም። ስትጠነክር አመጣታለሁ» አለቻት። እናቴ ፋብሪካ ስለምትውል ቀን የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ልብሴን በፌስታል አድርጋ ሰጠቻት።

ሐርላ ጸጥ ያለ አገር ነው። የፍየሎቹና የነፋሱ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከቤቱ ጀርባ የፈረሰ የጥንት ግንብ አለ፤ «ግዙፍ ሰዎች ነበሩ የሠሩት» ይሉናል። ከሰዓት በኋላ እዚያ ጥላ ስር እተኛለሁ። እኩያዬ የሆነችው የአዴ ሞሚና ልጅ ሂንዲያ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ ኦሮምኛ ታስተምረኛለች፤ ስሳሳት ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

ጠዋትና ማታ ጭስ ጭስ የሚል ትኩስ ወተት በኩባያ ይሰጠኛል። ሂንዲያ ባዶ ሻይ ነው የምትጠጣው። «ወተት አልወድም» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠጥቼ ያስቀመጥኩትን ኩባያ ወደ ግድግዳው ዞራ በጣቷ ጠርጋ ስትልስ አየኋት። ዝናቡ ስለቀረ የምትታለበው ላም አንድ ብቻ ነበረች፤ ከእኔ የተረፈው ለገበያ ነው የሚሄደው።

ማታ ኩባያው ሲመጣልኝ፣ «ከሂንዲያ ጋር ካልሆነ አልጠጣም» አልኩ።

«እሷ ደህና ናት። የታመምሽው አንቺ ነሽ» አለች አዴ ሞሚና።

ወተቱ ፊቴ እንዳለ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ሌላ ኩባያ አምጥታ ለሁለት ከፈለችው፤ ከዚያ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ወጣች። እስክትመለስ ሁለታችንም አልነካነውም።

አሁን እኔም ፋብሪካ ነው የምሠራው። ከፈረቃ ስወጣ እግሬ አብጦ ጫማዬ ይጠበኛል። እኔ በምኖርበት ግቢ የታመመች ጎረቤት ካለች በር ላይ «እግዜር ይማርሽ» ብዬ አልፋለሁ። የሰውን ልጅ ወስዶ ማስታመም የሚባል ነገር ለማን ይወራል?

ባለፈው ሳምንት ሂንዲያ ደወለች። «እማዬ ዓይኗ ጠፍቷል። ውጭ የባጃጅ ድምፅ ስትሰማ ‹እሷ ናት?› ትላለች» አለችኝ።

«እሁድ እመጣለሁ» አልኳት።

እሁድ ጠዋት ከማታ ፈረቃ ወጥቼ፣ ልብስ ልቀይር ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስነቃ መሽቷል።