የክፍል ሁለት ለቅሶ

ጎረቤት ሲያለቅስ ዝም ብሎ አይታለፍም መቼም። ከቢሮ ስመለስ ጀጎል ውስጥ ከጎረቤቴ ከእማማ ዘሀራ ቤት ለቅሶ ሰማሁ። የመሥሪያ ቤት ባጄን ከአንገቴ እንኳ ሳላወልቅ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ገባሁ። እማማ ዘሀራ መደቡ ላይ ሁለቱን የልጅ ልጆቻቸውን አቅፈው ያለቅሳሉ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አልኩ።

«አሚን» አሉ ሦስቱም።

ማን እንደሞተ መጠየቅ ነውር መስሎኝ አብሬ አነባሁ። በኋላ ግን አላስቻለኝም፤ ትንሿን ልጅ ጠጋ ብዬ «ማን ነው የሞተው?» አልኳት። ስልኳን አሳየችኝ። ሮዝ ፀጉር ያላት፣ በአስማት ዘንጓ ዓለምን የምታድን የጃፓን ካርቱን!

«ሞተች እንዴ?»

«ብትሞትማ በክብር ነበር!» አሉ እማማ ዘሀራ። «ክፍል ሁለት መቼ በወጣ ብለን ስንጠብቅ ኖረን፣ ዘንጓን ጥላ ቢሮ ተቀጥራ አረፈችው! ቀኑን ሙሉ ማኅተም ስትመታ ትውላለች።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ውይ እማማ፣ ለዚህም ይለቀሳል? እኔስ ማኅተም ስመታ አይደል የምውለው?»

እማማ ዘሀራ ባጄን አዩት። ከዚያ ፊቴን አዩት። ቀስ ብለው ተነሡና እቅፍ አድርገውኝ፣

«አንቺንም አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉኝ።