ውኃ የማይነካው የውኃ መሳቢያ

ደርግ ሳይንስን ይጠላ ነበር የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ደርግ ሳይንስን ይወድ ነበር፤ ጅብ አህያ እንደሚወድ። ቢጠላውማ ምን ነበረበት? የተጠላ ነገር ጥግ ይዞ ይኖራል። የተወደደ ግን አደባባይ ይወጣል፣ ቀይ ይቀባል፣ ሰልፍ ይሰለፋል።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት እጠብቅ ነበር። አንባቢ ስለማይመጣ እኔው ነበርሁ የማነብ። በዚህ በኩል እኛ ብቻ እንዳልሆንን ከመጻሕፍቱ አየሁ። አንዱ መንግሥት ፓርቲው የወደደውን የስንዴ ትምህርት አልቀበልም ያለውን ሊቅ እስር ቤት አስገብቷል። ሌላው ገበሬውን ድስትህን እያቀለጥህ ብረት አምርት ብሎታል። ሀብታሞቹም ቦምብ የሠሩላቸውን ምሁራን፣ ቦምቡ ሲያልቅ «ለመሆኑ ታማኝ ነህ ወይ?» እያሉ መርምረዋል። እኛ ዘግይተን ገባን እንጂ ከማንም አናንስም።

ታናሽ ወንድሜ ፋሲሎ በሚባለው ሰፈር ብስክሌት ይጠግን ነበር። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሰው ሁሉ ብስክሌት ይነዳል፤ ስለዚህ ሥራ አያጣም። ዕድሜው ግን ለብሔራዊ ውትድርና የደረሰ ነበር። ወንድሜ ጀግና አልነበረም፤ መሞት አይፈልግም ነበር። ይህን ጮክ ብሎ መናገር በዚያ ዘመን ከመሞት የከፋ ነውር ነው።

አንድ መመሪያ መጣ። አገሪቱ በራሷ ጥበብ ራሷን እንድትችል እያንዳንዱ አካባቢ ለአብዮት በዓል አንድ ሀገር በቀል ፈጠራ ያቅርብ፤ ፈጣሪውም ከውትድርና ነፃ ይሆናል ይላል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ቤታችን ሮጦ መጣ።

«ጋሼ፣ ዳንሁ!» አለኝ።

የሚያቀርበው ነገር አስቀድሞ ነበረው። ሐይቁ ዳር ቲማቲምና ቃሪያ ለሚያለሙ ሴቶች ከአሮጌ ብስክሌት የውኃ መሳቢያ ሠርቶላቸዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሰንሰለቱ አንድ ረጅም ገመድ በቱቦ ውስጥ ያሽከረክራል፤ ገመዱ ላይ የተሰካኩት የጎማ ክቦች ውኃውን እየገፉ ያወጡታል። ሴቶቹ በተራ ይረግጡታል፤ እየረገጡም ይሳደባሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ፈረስህ ገብስ አይበላም?» ብለውት ነበር አንዲት አሮጊት።

«አይበላም እማማ።»

«እንዲያው እኔን ነው የሚበላ» አሉት፤ ግን አልወረዱም።

ፈጠራውን የሚመርጠው ኮሚቴ አትክልቱ ቦታ ድረስ መጣ። ሊቀመንበሩ የገበሬ ልጅ ነው፤ ጥቂት ተምሮ ብዙ የሚናገር። ከጎኑ በውጭ አገር የተማረ መሐንዲስ ቆሟል። ውኃው ቡልቅ ብሎ ሲወጣ ሊቀመንበሩ አጨበጨበ። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ብስክሌቱን አየ።

«ይህ የማን ነው?»

«የኔ ነው ጓድ።»

«የማን አገር ሥራ ነው ማለቴ ነው!»

«የቻይና።»

ያን ጊዜ ቻይና ከሶቪየት መንገድ የወጣች ከላሽ ናት፤ ስሟ የሚነሣው ለርግማን ነው። ሊቀመንበሩ ነገሩ በቀልድ እንዳይታለፍ ፊቱን አኮሳተረ።

«የአብዮታችንን በዓል በቻይና ብስክሌት ልታከብረው ነው? ሀገር በቀል ማለት ሀገር በቀል ነው። ከእንጨት ሥራው።»

«ሰንሰለቱንስ ጓድ?»

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። «አባትህ ሞፈሩን ከቀንበር የሚያስሩት በምንድን ነው? የሚተኙበት አልጋ በምን ተወጠረ? በጠፍር አይደለም? ጠፍር የሰፊው ሕዝብ ሰንሰለት ነው!»

ሁላችን አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብሁ፤ መሐንዲሱም እንዲሁ። በኛ አገር ከበሬ ቆዳ የተተለተለ ጠፍር ይበጠሳል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ርጥቡን ትጠፍረዋለህ፤ ሲደርቅ ጥርሱን ነክሶ ይይዛል። አልጋው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ወንድሜ ብቻ አላጨበጨበም።

«ጓድ፣ ጠፍር ሲርስ ይላላል።»

«ታዲያ ውኃ አታስነካው!»

«ጓድ... የውኃ መሳቢያ እኮ ነው።»

ሴቶቹ ሊስቁ ሲሉ ሊቀመንበሩ ዞሮ አያቸው። ሳቁ እዚያው ቀረ። መሐንዲሱም የሚያውቀውን ያውቃል፤ ግን ዓይኑን ሐይቁ ላይ ተክሎ ነበር። ብስክሌቱ ያን ዕለት «ለጥናት» ተብሎ ተወሰደ። ሴቶቹ ወደ እንስራቸው ተመለሱ።

ወንድሜ መሳቢያውን ከዋንዛ ጠርቦ ሠራው። ያማረ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን መንበር ይመስላል። በደረቁ ሲረገጥ እንደ ሰዓት ይዞራል። ውኃ ሲነካው ጠፍሩ እንደ አሮጌ መቀነት ተዝለግልጎ ከመንኮራኩሩ ላይ ይወድቃል። ሞራ ቀባው፤ አልሆነም። ሰም ቀባው፤ አልሆነም። ለኮሚቴው ሲነግር ሊቀመንበሩ ችግሩን በአንድ ቃል ፈታው፤ ለበዓሉ በደረቁ ይታያል።

በበዓሉ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ሻለቃ መጣ። መሳቢያው ቀይ ተቀብቶ መድረክ ላይ ወጥቷል። ወንድሜ ቁጢጥ ብሎ ረገጠው። መንኮራኩሩ ዞረ፣ ገመዱ ሮጠ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ።

«ውኃውስ የታለ?» አለ ሻለቃው።

«ውኃው ሐይቁ ውስጥ ነው ጓድ ሻለቃ» አለ ሊቀመንበሩ።

ሻለቃው መልሱን ወደደው። መሳቢያውን ዳበሰ፤ ነዳጅ አይፈልግም ወይ ብሎ ጠየቀ። አይፈልግም ተባለ። መለዋወጫ ከውጭ አይገባለትም? አይገባለትም።

«ሠራዊታችን በሰሜን ግንባር ውኃ ተጠምቷል» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ይህ መሣሪያ በቶሎ ተባዝቶ ይዝመት። የፈጠረውም ባለሙያ አብሮት ይሂድ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ወንድሜ ከእንጨት ፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ከዚያ፣ «ጓድ ሻለቃ፣ መመሪያው ፈጣሪው ከውትድርና ነፃ ነው ይላል» አለ።

«ነፃ ነህ እንጂ! ማን ወታደር ነህ አለህ? የምትሄደው በባለሙያነት ነው። ጠመንጃ አትይዝም።»

ወንድሜ ወደኔ አየ። ምን እንደሚያስብ ገብቶኛል። መሳቢያው አይሠራም ብሎ ቢናገር እዚያው አሻጥረኛ ነው፤ አሻጥረኛ ደግሞ የት እንደሚላክ እናውቃለን። ዝም ቢል ግንባር ነው። ሰው የሚድንበትን ነገር ሲፈጥር አብሮ መሞቻውን መፍጠሩን እኔ በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ እሱ በፔዳል ላይ ተቀምጦ ተማረው። ዝም አለ።

ሲሄድ እናቴ እልል አለች። ልጇ ከጠመንጃ ነፃ እንደወጣ ተነግሯታል፤ እውነትም ነው። መሳቢያዎቹ ጭነት መኪና ላይ ተደርድረው፣ እሱ በመካከላቸው ተቀምጦ እጁን አወዛወዘልን።

የሆነውን የነገረን አንድ እግሩን ጥሎ የተመለሰ የአጠገባችን የመሸንቲ ከተማ ወታደር ነው። አባቴ ፊት ተቀምጦ፣ ጠላውን ሳይነካ ተረከው።

«መሳቢያው አንድ ቀን ነው የሠራ። ርሶ ተፈታ። ኋላ ማገዶ ሲጠፋ ሻይ አፈላንበት። ዋንዛ ጥሩ ይነዳል።»

«ልጄስ?» አለ አባቴ።

«ወደ ኋላ መልሱኝ ብሎ ነበር። ባለሙያ ነህ፣ ሌላ ነገር ፍጠር አሉት። ጥቃት የመጣ ቀን ጠመንጃ ለምኖ ነበር አባባ። አዛዣችን ትእዛዝ አክባሪ ነው፤ ባለሙያ ጠመንጃ አይይዝም አለ። ልጅዎ እጁን እንደዘረጋ ነው የሞተ።»

መርዶው በይፋ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ድንኳን ተከልን። በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ኮሚቴውን አስከትሎ መጣ። ጥቁር ክራባት አድርጓል። አላስመሰለም፤ ከልቡ አዝኖ ነበር፤ የሚገርመው ይህ ነው። አባቴ ጎን ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ራሱን ነቀነቀ።

«የናንተ ዘር የፈጠራ ዘር ነው» አለ። «አውራጃችን በሱ ነው የተመሰገነች። የዘንድሮው በዓልም እየደረሰ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባ፣ ሌላ ወንድ ልጅ አለዎት?»

እናቴ ከሴቶቹ መካከል ቀና አለች። አባቴ ነጠላውን ከአፉ ላይ አውርዶ በጣቱ ወደኔ ጠቆመ።

«ያ ነው። መጽሐፍ ሲያገላብጥ ይውላል። እጁ እንኳን ማሽን ሊሠራ ሚስማር አይመታም። ከልጅነቱ ጀምሮ ለምንም የማይሆን ነው።»

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ሊቀመንበሩም ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶ፣ «ይቅር እንግዲያ» ብሎ ተነሣ።