ያልተደገመ ግብዣ

ርቦኝ እያለ ሲጋብዙኝ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» የምለው ለምን ይሆን? ይህን ጥያቄ ቶሮንቶ ኮሌጅ ከገባሁበት ጊዜ ጀምሮ ይዤው እኖራለሁ።

በጀማሪዎች የስፓኒሽ ክፍል ሄኖክ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። እዚያው ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ ሰፈር ያደገ የሐበሻ ልጅ ነው። የቋንቋ መለማመጃ ካሴቱን እየተከተልን በስፓኒሽ «ስምሽ ማነው?» «ስምህ ማነው?» ከመባባል በቀር ሴሚስተሩን ሙሉ አላወራንም። በመጨረሻው ቀን መጻሕፍቴን ስሰበስብ፣

«ብሉር መንገድ ሄደን ምሳ እንብላ?» አለኝ፣ በተሰባበረ አማርኛ።

ስጠብቀው የከረምኩት ይህንኑ ነበር።

«አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩት፤ «በሞቴ» እስኪለኝ እየጠበቅኩ።

«ኦኬ፣ ኖ ፕሮብለም» ብሎ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ።

ደንግጬ ቆምኩ። በአማርኛ ቃሌን ማጠፍ አሳፈረኝ። በስፓኒሽ ግን ይሉኝታን ገና አልተማርንም ነበር። ደረጃው ላይ ደርሼበት፣ እሺታዬን በስፓኒሽ «ሲ» ብዬ ልነግረው ወሰንኩ።